አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍል አለቃ ነበርኩ። አገር ቤት የተማረ ሰው የአለቃን ሥራ ያውቀዋል። መምህር ሲያረፍድ ጠመኔ አንስተህ ሰሌዳው ጥግ ላይ «የሚረብሹ ተማሪዎች» ብለህ ትጽፋለህ፣ ከሥሩ ስም ትደረድራለህ። ስሙ ተጽፎም ደግሞ ያወራ ልጅ ከስሙ አጠገብ የብዜት ምልክትና 2 ቁጥር ይጨመርለታል። እስከ 7 ያደረሱ ጀግኖች ነበሩን። መምህሩ ሲገባ ሰሌዳውን ያይና ለሁሉም እንደየሥራው ይከፍለዋል።

አለቃ ሆኖ ጓደኛ መያዝ ከባድ ነው። ጓደኛህ ሲያወራ ካልጻፍከው «አድሎ» ይሉሃል፣ ከጻፍከው «አቃጣሪ»። እኔ እጽፍ ነበር። እንዲያውም ከሁሉም በፊት ጓደኞቼን ነበር የምጽፈው፤ ፍትሐዊ ነኝ ብዬ በራሴ እኮራ ነበር። ይህን መጀመሪያ የምነግራችሁ ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር ድንገት ከሰማይ ያልወረደ መሆኑን እንድታውቁት ነው። ስም አሳልፎ መስጠትን እንደ ሐቀኝነት ስለማመደው ከርሜያለሁ።

ያኔ የቅርብ ጓደኛዬ የነበረውን ልጅ ክፍሉ «ሬዲዮ» ይለው ነበር፤ ስለማይዘጋ። ስንሄድ ይዘፍናል፣ ሒሳብ እየሠራ ያንጎራጉራል፣ ታክሲ ውስጥ የሰማውን ማስታወቂያ ከነሙዚቃው ይደግመዋል፣ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረውን መዝሙር ሰኞ በእረፍት ሰዓት ዴስኩን እንደ ከበሮ እየመታ ያሰማናል። ዴስክ ሲመታ ማየት ነበረባችሁ! ከትምህርት ቤት እስከ ሰፈራችን በእግር ግማሽ ሰዓት ይሆናል። አንድ ፓስቲ ገዝተን ለሁለት እንካፈላለን፣ ከዚያ እሱ ያወጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ የወጣቶች ጓደኝነት የቆመው በደስታ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይጀመራል፣ ቶሎም ያልቃል ይላል። ደስታን እንደ ትንሽ ነገር አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ፣ ምንም ጥቅም ሳልፈልግበት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አብሬው የምሄድ ሰው አላገኘሁም።

ድምፁ ያምር ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ አዎ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል። ጥሩ አድርጎ ይጀምርና መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ወይም ሳያስበው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ መመለሻው ይጠፋዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ከምንላቸው ከአራቱ ቅኝቶች ሌላ አምስተኛ ቅኝት የፈለሰፈ ነበር የሚመስለው። እሰማው ነበር። ለወራት እሰማው ነበር፣ አንድም ቀን ግን አልነገርኩትም። መንገድ ላይ ማን ግድ አለው?

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ደረሰ። ክፍላችን የሙዚቃ አስተማሪያችን የደረሰችውን መዝሙር በኅብረት እንዲያቀርብ ተመረጠ። አርባ ምናምን ልጅ በሦስት ረድፍ ቆመን፣ በአንድ አሮጌ ኪቦርድ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰዓት በኋላ ተለማመድን። በሁለተኛው ሳምንት ቲቸር በየመሀሉ እጇን እያነሳች ታስቆመን ጀመር። «ከኋላ አንድ ልጅ ይወጣል» ትላለች። እንደገና እንጀምራለን፣ እንደገና ታስቆመናለች። ማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻለችም። እሷ ፊት ለፊት ኪቦርዱ ላይ ናት፣ እሱ ደግሞ የኋላው ረድፍ ላይ፣ እኔ አጠገብ።

ልምምዱ ሲያልቅ ጠራችኝ። «አለቃ፣ ና እስቲ። አንተ እዚያ ጋ ስለሆንክ ትሰማለህ። ማነው?»

ትንሽ ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው «ትንሽ» የምትለውን ቃል ራሴን ለማስደሰት የጨመርኳት ሳትሆን አትቀርም። ስሙን ነገርኳት።

በማግስቱ ለብቻው ወስዳ አነጋገረችው። ሲመለስ ምን እንዳለችው ጠየቅኩት፤ እኔ ነኝ እኮ የጠየቅኩት። «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ አለችኝ» አለ። «ማንም አያውቅም፣ ቦታህም ላይ ትሆናለህ አለችኝ።» ትከሻውን ነቀነቀ። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ስለ ኳስ አወራን።

በዕለቱ መዝሙሩ አማረ። ስለ ማማሩ መዋሸት አልፈልግም፤ ከልምምዱ ሁሉ የተሻለው ያ ነበር። እሱ አጠገቤ ቆሞ ከሁላችንም በላይ አፉን ከፍቶ «ይዘምር» ነበር። ፎቶው እስካሁን አለ። ፎቶው ላይ ከልቡ የሚዘምር ልጅ ፈልጉ ብትባሉ እሱን ነው የምትመርጡት። አጠገቡ ሆኜ ግን የምሰማው ከንፈሩ ሲነካካ ብቻ ነበር።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ እናቱ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። አቀፈችው፣ ሳመችው፣ ከዚያ «ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል ድምፅህን ለየሁት!» አለችው። እሱ ፈገግ አለና «እውነት?» አላት። ወደ እኔ ዞረች፤ «አይደል እንዴ የኔ ልጅ? አንተ አጠገቡ አልነበርክ?»

«አዎ እትዬ፣ በደንብ ይሰማ ነበር» አልኳት።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ስለ አንድ ልጅ ድምፅ ሁለት ሰው ጠየቀኝ። ለመጀመሪያዋ እውነቱን ተናገርኩ፣ ለሁለተኛዋ ዋሸሁ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እውነቱ ነው። ውሸቱን ዛሬም ብጠየቅ እደግመዋለሁ።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ምህንድስና የተማረ ሰው ጭንቅላት አንድ ችግር አለበት፤ መረጃ ትክክል ነው ወይስ ስህተት ነው ብሎ ጠይቆ ሲያበቃ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ልጁ ከቅኝት ወጥቷል? አዎ። አለቃው ትክክለኛውን ስም ሰጥቷል? አዎ። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

በ1797 ፈረንሳዊው ቤንጃሚን ኮንስታንት እና ጀርመናዊው ካንት በዚሁ ጉዳይ ላይ ተከራክረዋል። ኮንስታንት እውነት መናገር ግዴታ የሚሆነው እውነቱን የማወቅ መብት ላለው ሰው ነው አለ። ካንት አልተቀበለውም፤ ነፍሰ ገዳይ በርህን አንኳኩቶ ጓደኛህ ቤት ውስጥ እንዳለ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ብሎ መለሰ። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ካንት ላይ ይስቃል። እኔ ግን የሰባተኛ ክፍሉን አለቃ አየሁበትና አልሳቅኩም። ደግሞም የኮንስታንት መልስ ለእኔ ጉዳይ አይበቃም። ቲቸር ነፍሰ ገዳይ አይደለችም። መዝሙሩ ኃላፊነቷ ነው፤ የማወቅ መብት አላት ማለት ይቻላል። እንዲህም ሆኖ አንድ ከእሷ የሚቀድም ሰው ነበር። ስለ ሬዲዮ ድምፅ እውነቱን ለማወቅ ከማንም በላይ መብት ያለው ሬዲዮ ነው። ለእሱ ለወራት የነፈግኩትን ነገር ለእሷ በአንድ ደቂቃ ሰጠኋት።

አማርኛ ለዚህ ቃል አለው፤ ሐሜት። ሐሜት ውሸት መሆን የለበትም። ውሸት ከሆነማ ስም ማጥፋት ነው፣ ሌላ ስም አለው። ሐሜት የሚያሰኘው ሰውዬው በሌለበት መነገሩ ነው፤ «ፊት ለፊቱ ትለዋለህ?» ነው ጥያቄው። አያቶቻችን ስለ እውነት ሲያስቡ «ምን ተባለ» ብቻ ሳይሆን «የት፣ ማን ፊት ተባለ» የሚለውንም ቆጥረዋል። እኔ የተናገርኩት እውነት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አያልፍም።

በሥራዬም ይኼው ነው። የባልደረባዬ ኮድ ውስጥ ስህተት ባገኝ ሁለት መንገድ አለ። ለእሱ እጽፍለታለሁ፣ ወይም ስብሰባ ላይ አለቃችን ሲጠይቅ ስሙን እጠራለሁ። ስህተቱ ያው ነው፣ የምጽፈው ዓረፍተ ነገርም ያው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ ግን ባልደረባዬ ስህተቱን የሚያርም ሰው ነው፤ በሁለተኛው እሱ ራሱ ስህተቱ ሆነ። ይህን በሥራ ላይ ለመማር አንድ ሳምንት አልፈጀብኝም፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ጓደኛዬ ላይ ለማየት ነው ዓመታት የፈጁት።

ስለ ቲቸር ልክ ልሁን። አርባ ምናምን ልጅ፣ ሁለት ሳምንት፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ዳይሬክተር። ከቡድኑ ልታስወጣው ትችል ነበር፣ አላስወጣችውም። ቦታውንም፣ ፎቶውንም፣ የእናቱን ደስታም አተረፈችለት። በእሷ ዓይን ምሕረት ነው፣ ይገባኛል። ግን ይህ ምሕረት ዕዳ ነበረበት፣ ዕዳውን የከፈለው ደግሞ ልጁ ነው። «ማንም አያውቅም» የምትለዋ ቃል እውነት እንድትሆን እሱ እናቱን ማታለል ነበረበት። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ከቡድኑ ብታስወጣው ኖሮ ያዝን ነበር፣ ያለቅስም ይሆናል፣ ግን የሚደብቀው ነገር አይኖረውም ነበር።

እኛ ቤጂንግ 2008ን የምናስታውሰው በቀነኒሳና በጥሩነሽ ነው፤ ሁለቱም በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ድርብ ወርቅ። ከዚያ በፊት ግን በመክፈቻው ምሽት አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሰች የ9 ዓመት ልጅ ወጥታ ለአገሯ ዘምራ ነበር። ዓለም ሁሉ አያት። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የሥነ ሥርዓቱ የሙዚቃ ኃላፊ ቼን ቺጋንግ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ እንደተናገረው፣ የተሰማው ድምፅ የእሷ አልነበረም። የሌላ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ድምፁ የተመረጠው ከአንዷ፣ መልኩ የተመረጠው ከሌላዋ፤ ለአገር ክብር ሲባል። ሰው ሁሉ ያዘነው ፊቷ ለተደበቀው ለ7 ዓመቷ ነበር፣ ትክክልም ነው። እኔ የማስበው ግን መድረክ ላይ ስለቆመችው ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አፏን እየከፈተች፣ የሚሰማው የማን ድምፅ ነው ብላ ታስብ ይሆን? የሁለቱ ታሪክና የእኛ ትንሽ አዳራሽ በስፋት አይገናኙም። አዋቂዎቹ የሠሩት ሒሳብ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ልጁ ለዝግጅቱ እንጂ ዝግጅቱ ለልጁ አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ፍቀዱልኝ፣ አላስችል ብሎኝ ነው። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ድምፆች ሲደመሩ ከአንዱ የሚበልጡት በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። አርባ ሲሆኑ ጭማሪው 16 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ማለትም አንድ ልጅ ከጠቅላላው ኅብረት በ16 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። እናትየው «ድምፅህን ለየሁት» ስትል፣ ቢዘምርም ኖሮ ሥራዋ ቀላል አልነበረም። በእርግጥ ጆሮ መለኪያ መሣሪያ አይደለም፤ ሌሎቹ ወደ ላይ ሲወጡ አንዱ ወደ ታች ከወረደ ይለየዋል፣ ቲቸርም የለየችው እንዲያ ነው። ሌላም ነገር አለ። 440 ኸርዝ እና 444 ኸርዝ አብረው ቢሰሙ በሰከንድ 4 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል መወዛወዝ ይፈጠራል። ኅብረ ዝማሬን ሞቅ ያለና ሰፊ የሚያደርገው በልጆቹ መካከል ያለው እንዲህ ያለ ጥቃቅን አለመግጠም ነው። የሙዚቃ ሶፍትዌሮች አንድን ድምፅ እንደ ኳየር ለማስመሰል የሚያደርጉት ይኸው ነው፤ ኮፒ ያደርጉና ኮፒውን ጥቂት ያዘገዩታል፣ ጥቂት ከቅኝቱ ያናጉታል። ማሽኑ ሆን ብሎ የሚጨምረውን ነገር እኛ ከሰው እናስወግዳለን።

የሬዲዮ አለመግጠም ግን ጥቃቅን አልነበረም፣ ይህን በፊዚክስ ልሸፍነው አልችልም። የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። በዚያ ዕድሜ የወንድ ልጅ ማንቁርት ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም፣ ድምፁ በመጨረሻ ወደ አንድ ኦክታቭ ገደማ ይወርዳል፤ ኸርዙ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ክራር ተጫዋች ናችሁ እንበል፣ ሌሊት ሌሊት ሰው እየገባ ክሮቹን ይቀይርባችኋል። ጠዋት «ተጫወት» ትባላላችሁ። እሱ የነበረው እንዲህ ነው። ከሁላችንም ቀድሞ ስለጀመረው ነው ጉድለት የመሰለው። የእኔ ድምፅ ስምንተኛ ክፍል አጋማሽ ላይ እንደዚያው ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ሁላችንም በሚኒስትሪ ፈተና ጉድ ጉድ ላይ ስለነበርን የወላጆች ቀን መዝሙር የለም፣ በእኔ ላይ ጣቱን የቀሰረ ሰውም የለም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ምንም። ፊልም አይደለም። አልተጣላንም፣ አላለቀሰም፣ «ሬዲዮ» የሚለው ስምም እስከ ስምንተኛ ክፍል ቀጠለ። መንገድ ላይ ግን መዝፈኑን ተወው። መቼ እንደተወው እንኳ በትክክል አላስተዋልኩም፤ ያስተዋልኩት የሆነ ቀን ሚሞሪ ካርድ ያለው ስልክ ይዞ ሲመጣ ነው። ኢርፎኑን ለሁለት ተካፈልን፣ አንዱን እሱ ጆሮ፣ አንዱን እኔ ጆሮ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓቱን የምንሄደው ሌሎች ሰዎች ሲዘፍኑ እየሰማን ነበር። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ገመዱ አጭር ስለነበረ ተጠጋግተን ነበር የምንሄደው።

አንዳንዴ «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» እላለሁ። «አላውቅም ቲቸር» ማለት አንድ መንገድ ነው፤ ግን ታውቃለች፣ እስክታገኘው ልምምዱ እየተቋረጠ ይቀጥላል፣ እሱም በሁሉም ፊት ይያዛል። የተሻለው መልስ ያኔም አፌ ላይ ሊመጣ የሚችል ቀላል ነገር ነበር፤ «ቲቸር፣ ነገ ልንገርዎት?» ከዚያ ግማሽ ሰዓቱን መንገድ አብሬው ሄጄ፣ «ስማ፣ ድምፅህ የሆነ ነገር ሆኗል፣ ቲቸር እየፈለገችህ ነው፣ ምን ልበላት?» ብዬ መጠየቅ። ከእኔ ሲሰማው ከእሷ ከሰማው ይልቅ ሊያመው ይችል ነበር። ከጓደኛ የሚመጣ ነገር ዘልቆ ይገባል። ግን የሚወስነው እሱ ይሆን ነበር። ዝቅ ብሎ እዘምራለሁ ሊል ይችላል፣ ልውጣ ሊል ይችላል።

ወይም ከበሮ ልምታ ሊል ይችላል። ይህ ትዝ ያለኝ ይህን ጽሑፍ ስጀምር ነው። ያ ሁሉ ዴስክ የሚመታ ልጅ! መዝሙሩ ከበሮ አልነበረውም፣ ቢኖረው ያምርበት ነበር፣ አንዳችንም አላሰብነውም። ማሰብ የሚችለው እሱ ነበር፤ ለመጠየቅ ግን አንዳችንም ወደ እሱ አልሄድንም። ስለ እሱ ነው የተነጋገርነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ ለመጽሔቱ ከመላኬ በፊት ለእሱ በቴሌግራም ላክሁለት። አሁን ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ለበዓል እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፣ ከዚያ ያለፈ ብዙ አናወራም። ስሙን የሰጠኋት እኔ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላወቀም ነበር። ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ወዲያው መጡ፣ መልሱ ግን አልመጣም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን። ስልኬን በየአምስት ደቂቃው የማየው ሰው ሆንኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ጻፈልኝ፦

«አንብቤዋለሁ። ስለ አንተ በኋላ እናወራለን። ግን ስሜን አትጻፍ፣ ማዘር ፌስቡክ ጀምራለች። ያንን መዝሙር እስካሁን ለሰው ታወራለች።»

ስለዚህ ስሙን አልጻፍኩም፤ እሱን የሚያስለይ አንድ ሁለት ነገርም ቀይሬያለሁ። ስለ እኔ እስካሁን አላወራንም።